የጋራ ጆሮ

አቃቂ ላይ ጎሕ ሳይቀድ የእድር ጥሩምባ ሲነፋ «ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም የሚጠይቀው «ማን ነው?» ብሎ ነው። ሰው መሞቱ በጥሩምባው ታውቋል፤ የቀረው ስሙ፣ ቤቱና የቀብሩ ሰዓት ነው። ሊጥ የምታቦካዋ እጇን ትገታለች፤ ለፋብሪካ ፈረቃ የሚወጣው የጫማውን ማሰሪያ እንደያዘ ያዳምጣል፤ የታመመ ዘመድ ያለው ደግሞ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ለፋፊው የሰፈሩን እንቅልፍ ሰብሯል፤ የሚቆጣው ግን የለም።

ይህን ሥልጣን የሰጠው የድምፁ ጉልበት አይደለም። ወደ ደብረ ዘይት በሚያወጣው አውራ ጎዳና ዳር የሚኖር ሰው ከጥሩምባ የሚልቅ ጩኸት ቀን ከሌት ይሰማል። ከባድ መኪና ያምባርቃል፣ የሸቀጥ ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያ ይለፈፋል፤ ጆሮ ግን ይህን ሁሉ እየሰማ ማለፍን ለምዷል። የእድሩ ጥሩምባ የሚደመጠው ሳይነፋባቸው ባለፉት ሌሊቶች ምክንያት ነው። ማንም ለሠርጉ፣ ለሸቀጡ፣ ለፓርቲው ወይም ለጠፋችው በጉ አላስነፋውም። አባላቱ ለዓመታት ዝም በማለት ያጠራቀሙት አንድ ሀብት አለ፤ «ይህ ድምፅ ከተሰማ መነሳት ይገባል» የሚል የወል እምነት። እኔ የጋራ ጆሮ እለዋለሁ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ድስቱ በእድሩ መዝገብ ተቆጥረው ሰፍረዋል፤ ይህ ሀብት ግን የትም አልተመዘገበም። ሲሰረቅም ምን እንደጎደለ የሚታወቀው ቆይቶ ነው።

እንዲህ ያለው ስርቆት ከእጅ ስልክ በፊትም ነበር። በ1864 እ.ኤ.አ. የለንደን የፓርላማ ሰዎች በየቤታቸው ሳሉ በምሽት ቴሌግራም መጣላቸው። በዚያ ዘመን ማታ በር ያስከፈተ ቴሌግራም ወይ ሞት ነው፣ ወይ ጦርነት ነው፣ ወይ የመንግሥት መናወጥ ነው። ተከፍቶ ሲነበብ ጋብሪኤል የተባሉ የጥርስ ሐኪሞች ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ የሚያስታውቅ ሆኖ ተገኘ። ከተቀባዮቹ አንዱ ተቆጥቶ ለታይምስ ጋዜጣ ጻፈ። እንግዲህ እናስተውል፤ ሐኪሞቹ አልዋሹም፣ በተባለው ሰዓት ይሠሩ ነበር። ማንንም አልሰደቡም። የሐኪም ቤትን ሰዓት ማወቅ ጥርሱን ለሚያመው ሰው ይጠቅማል። ጥፋታቸው ሰው ለሞትና ለጦርነት ያስቀመጠውን ድንጋጤ ወስደው ለራሳቸው ገበያ ማዋላቸው ነው። ከዚያች ማታ በኋላ ቴሌግራም የተቀበለ ሰው ሁሉ ከመደንገጡ በፊት «ደግሞ ማስታወቂያ ይሆን?» ብሎ የመጠርጠር መብት አገኘ። ያ ጥርጣሬ ነው ጉዳቱ።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር፣ የአንድ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ኩባንያ ነጋዴ በዚያን ጊዜ ገና ጥቂት ተመራማሪዎችን ያገናኝ በነበረው አርፓኔት መረብ ላይ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሽያጭ መልእክት ላከ። ቅሬታ ተነሳ፣ ተገሠጸ። ግን አንዳንዶች መጥተው ገዙ። ከዚያ ወዲህ ያለው የዚያው ሒሳብ ብዜት ነው፤ ብዙው ይቆጣል፣ ጥቂቱ ይገዛል፣ ለላኪው ጥቂቱ ይበቃዋል።

የሒሳቡን መሠረት ለማየት አቃቂ ጥሩ ቦታ ናት። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በአገሪቱ ላይ ሲመጣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድምፃቸውን ለውጭው ዓለም ያሰሙት አቃቂ ከነበረው የሽቦ አልባ ማሠራጫ ነው። ጦርነቱን ለመዘገብ አዲስ አበባ የከተሙት የውጭ ጋዜጠኞች ወሬያቸውን ወደየአገራቸው የሚልኩት በቃል ቁጥር እየከፈሉ ነበር። ላኪው ከመላኩ በፊት «ይህ ቃል የግድ ነው ወይ?» ብሎ ራሱን ለመጠየቅ ይገደዳል፤ ኪሱ ያስገድደዋል። ተቀባዩ የሚደርሰው ተጨምቆ የተጣራ ነገር ነው። ዛሬ ይህ ተገልብጧል። መላክ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል፤ ዋጋው ወደ ተቀባዩ ዞሯል። አንድ መልእክት ለአንድ ሚሊዮን ስልክ ተልኮ እያንዳንዱ ሰው ለማየትና ለማጥፋት አምስት ሴኮንድ ብቻ ቢያባክን፣ ድምሩ ወደ 58 ቀንና ሌሊት የሚጠጋ የሰው ዕድሜ ነው። ላኪው አንዲት ቁልፍ ነክቶ የሰው ልጅን ሁለት ወር ወሰደ፤ ግን ከማንም ላይ ከአምስት ሴኮንድ በላይ ስላልወሰደ የሚከስሰው የለም።

አንዲት ጎረቤቴ አሉ፤ እትዬ ብዬ የምጠራቸው። ልጃቸው ዓረብ አገር ሠራተኛ ናት። ቀድሞ ስልካቸው «ጢው» ባለ ቁጥር ከጓዳ ሮጠው ይወጡ ነበር። እያደር ስልኩ መኪና እንደሚሸልማቸው፣ የዕለት ምክር እንደሚልክላቸው፣ ወደ አንዲት አጭር ቁጥር «እሺ» ብለው ቢልኩ ዕጣ እንደሚደርሳቸው ይነግራቸው ጀመር። ሌሊትም፣ ቅዳሴ ላይም። በመጨረሻ ድምፁን አጠፉት። ልጃቸው ቤት ቀይራ አዲሱን አድራሻዋንና ደኅንነቷን የገለጸችበት መልእክት ከማስታወቂያ ክምር ሥር ለቀናት ሳይከፈት ቆየ፤ እሷም እናቴ ምን ሆነች ብላ እዚያ ስታለቅስ ሰነበተች። ይህን ክፉ ሥራ የሠራ አንድ ሰው የለም። ዕጣ የላከው የልጅቱን መኖር አያውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ወንዙ ማንሳት ግድ ይለኛል፤ አቃቂ የሚኖር ሰው ሳያነሳው አያልፍም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ከተማ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀው ወደ እኛ ይወርዳሉ፣ ከዚያም አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። ከተማው የጣለው ሁሉ የሚያልፈው በእኛ ደጅ ነው። ከላይ ያለውን የቆዳ ፋብሪካ ብትጠይቁት አንድ ቧንቧ ብቻ ነው ያለው። ጋራዡ የጣለው ጥቂት የተቃጠለ ዘይት ነው። የቤቱ ባለቤትም አንድ ከረጢት ቆሻሻ ነው የወረወረው። ወንዙን ገድያለሁ የሚል አንድም ሰው አይገኝም፤ ወንዙ ግን እኛ ዘንድ ሲደርስ ሞቶ ነው። ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል በደለልና በቆሻሻ ተሞልቶ ለአሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ የኖረው በዚህ መንገድ ነው። ውሃውን ለጎመን የሚጠቀሙት ከታች ያሉ ገበሬዎች ስለ ከላይኛው ቧንቧ ምንም ማድረግ አይችሉም። የጋራ ጆሮም የሚሞተው እንዲሁ ነው፤ ሁሉም ከላይ ሆኖ ጥቂት ይጨምርበታል፣ ሙሉውን የሚቀበለው ከታች ያለው ነው።

ታዲያ አላስፈላጊ መልእክት የምንለው ምን ዓይነት መልእክት ነው? ውሸት ነው እንዳንል፣ እውነት የሆነ ብዙ አለ። ክፉ ነው እንዳንል፣ የጤና ምክርም እንደ ጎርፍ ሲወርድ አይተናል። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ እድሮችን በቀብር ብዛት ሲያደቅቅ፣ ብዙ እድሮች ስለ በሽታው ማስተማርን የራሳቸው ሥራ አድርገው ያዙት። ከዚያ የበለጠ የሚያስፈልግ መልእክት ሊኖር አይችልም፤ ሕይወት አድኗል። ሆኖም ትምህርቱ የተሰጠው አባላት ተሰብስበው በሚመክሩበት ወርሃዊ ጉባኤ ላይ ነው፤ ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ሰዓት በጥሩምባ አልነበረም። እንዲያ ቢደረግ ኖሮ ጥሩምባው ጥቂት ወራት ሳይቆይ ማንንም የማያስነሳ ይሆን ነበር፤ ከዚያ የሞተውን ማን ያረዳል? የመልእክቱ መልካምነት ለመላክ ፈቃድ አይሆንም። ጆሮ የሚከፈተው በቃል ኪዳን ነው። ከቃል ኪዳኑ ውጪ የገባ መልካም ነገርም ቢሆን ገብቶ የሚያጠፋው አለ።

ይህን ካልን ጠባቂ ያስፈልጋል ማለታችን ነው። እዚህ ላይ ነው ጭንቀቱ የሚጀምረው፤ ምክንያቱም በዚህች አገር «ዝም በል» የሚለውን ቃል ከጠባቂ አፍ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል።

የእድር ዳኛ ጠባቂ ነው። ጥሩምባው መቼ እንደሚነፋ የሚያዝዘው እሱ ነው፤ በጉባኤ ላይ የሚያውክ ሰው ካለ የሚገሥጸው፣ በደንቡ መሠረት የሚቀጣው እሱ ነው። ግን ይህ ሰው ጎረቤት ነው። በምርጫ የተቀመጠ ነው፤ በሚቀጥለው ምርጫ ይወርዳል። ከልክሎኛል የምትለው ሰው በማግስቱ በታክሲ ተራ ያገኝሃል፣ ልጁ ከልጅህ ጋር ይማራል፣ እናትህ ስትሞት ድንኳኑን የሚያስተክለው እሱ ነው። መተዳደሪያ ደንቡ ተጽፎ ተፈርሟል፤ አንቀጹን ጠቅሰህ ልትሞግተው ትችላለህ። ሲሳሳት ይታያል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው፤ እሱ ራሱ በሚጠብቀው ጥሩምባ ይነሳል። ጥሩምባው ቢረክስ የእሱም ሞት አይሰማም።

ከዚህ ከፍ ወዳለው ጠባቂ ስንሄድ እነዚህ ነገሮች አንድ በአንድ ይጎድላሉ። የመንግሥት ቃል በጥንት በነጋሪት ይታወጅ ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. መውጣት የጀመረው የሕግ ጋዜጣም ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ። ነጋሪቱ የሚመታው ለአዋጅ ነው፣ ሕዝቡም ቆሞ ይሰማል። የነጋሪቱ ባለቤት ግን ሌላው ሰው ምን ይበል የሚለውንም ለመወሰን ሲነሳ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራ ቀረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29ም ከለከለው። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ግን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ለማፈን የሚያስችል መሣሪያ እየተሞከረ መሆኑን በይፋ ተናገሩ፤ ጣቢያውንም ከሩዋንዳው ራዲዮ ሚል ኮሊን ጋር አመሳሰሉት።

በዚህ ንግግር ላይ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ራዲዮ ሚል ኮሊን በ1994 እ.ኤ.አ. የሚገደሉ ሰዎችን ስም እየጠራ፣ የት እንዳሉ እየጠቆመ ያሠራጨ ጣቢያ ነው። ያን ጣቢያ በጊዜው የሚያጠፋ ጠባቂ ቢኖር ኖሮ ብዙ ነፍስ በተረፈ ነበር። እውነተኛ ትዝታ ነው፣ እውነተኛ ፍርሃት ነው። ግን ያው ትዝታ ዜናና ክርክር የሚያሠራጭ ጣቢያን ለማፈን ምስክር ሆኖ ቀረበ። ሕይወት ለማዳን የሚሻም ከወቀሳ ለማምለጥ የሚሻም የሚጠሩት አንድ ስም ነው። የአፈናው ሥራም ራሱ ልብ ይነካል፤ የራዲዮ ሞገድ የሚታፈነው በዚያው ሞገድ ላይ ሌላ ትርጉም የሌለው ጩኸት በመልቀቅ ነው። አያቶቻችን ምሽት ላይ ራዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ደግፈው ይሰሙት የነበረው «ሽሽሽ» ከስልካችን ማስታወቂያ የሚለየው በባለቤቱ ብቻ ነው። ጩኸት ዝምታን ሊያመጣ ይችላል። ከልካዩና አጥለቅላቂው ሁለት ሰዎች መሆን የለባቸውም፤ በአንድ እጅም ይሠራሉ።

ሁሉን የሚዘጋ ጠባቂም አለ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ በጥይት ተመቶ ሞተ። ሌሊቱን ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ ማን ገደለው የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ሺህ መልስ ያለው ሆነ። በነጋታው ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፣ ለሦስት ሳምንት ያህልም ጠፍቶ ቆየ። በዚያ ሰሞን በተነሳው ሁከት የሞተው ሰው ከ200 በላይ መሆኑን ፖሊስ ገልጿል። መዝጋቱ ስንቱን አዳነ? ማንም ሊቆጥረው አይችልም፤ አልዳነም ብዬ ለመሟገትም ድፍረት የለኝም። የማውቀው አንድ ነገር ግን አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የተዘጋው «ግደሉ» የሚለው መልእክት ብቻ አይደለም፤ «ልጄ የት ነህ?» የሚለውም ነው፣ «ጎረቤቴን እኔ ቤት ደብቄያለሁ፣ አትስጉ» የሚለውም ነው። ቧንቧውን ከነወንዙ መዝጋት የጥበቃ የመጨረሻው ድካም ነው፤ ለይቶ የሚያውቅ ጆሮ ስለጠፋ ሁሉም ይዘጋል።

ከዚያ በፊት በዚያው ዓመት የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቶ ነበር። የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ክልክል ይዘትን እንዲያነሱ ይደነግጋል፤ ሐሰተኛ መረጃ ያሠራጨው ገጽ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው ቅጣቱን ያከብዳል። ብዙ ጆሮ ያለው ሰው ብዙ ኃላፊነት አለበት የሚለው ሐሳብ ትክክል ይመስለኛል፤ የጋራ ጆሮን የያዘ ሰው እንደ ለፋፊው ሊጠየቅ ይገባዋል። ችግሩ ሕጉ የሚያየው ቃሉን ብቻ መሆኑ ነው፤ ቃሉ የተነገረበትን ሰፈር አያውቅም። አንድ ቃል አንድ ቦታ የዕለት ተዕለት ቀልድ ነው፣ ሌላ ቦታ ለአንድ ቤት ምልክት ማድረግ ነው።

ምልክት የተደረገበት ቤት ስል በአእምሮዬ ያለው የፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ቤት ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፤ ትግራዋይ ናቸው። በትግራይ ጦርነት ወቅት፣ በ2014 ዓ.ም. መስከረም ወር መጨረሻ፣ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን የያዙ የሚወነጅሉ ጽሑፎች በፌስቡክ ወጡ፤ የሚኖሩበት ሰፈርም ተጠቀሰ። ልጃቸው አብርሃም ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው ደጋግሞ ማመልከቱን ይናገራል። ጥቅምት 24 ቀን አባቱ ከቤታቸው ደጅ በጥይት ተገደሉ። እንደ ክሱ ኩባንያው ከጽሑፎቹ አንዱ ደንቡን እንደሚጥስ ያስታወቀው ከግድያው ስምንት ቀን በኋላ ነው። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. አብርሃም ከሌሎች ጋር ሆኖ ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ፤ በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ።

ስምንት ቀን። የእድር ጥሩምባ ሰው ከሞተ በሰዓታት ውስጥ ይነፋል። እዚህ ግን ሰውዬው ሳይሞቱ ተነፍቶ ነበር፤ ልጃቸው ሞት እየመጣ ነው ብሎ ለጠባቂው ነግሮታል። ጠባቂው የሚኖረው ባሕር ዳር አይደለም። ያን ሰፈር አያውቀውም፣ የሰው ስም ሲጠራ ምን እንደሚከተል አይገባውም፣ በሟቹ ቀብር አይገኝም። በሚጠብቀው ድምፅ የማይነሳ ጠባቂ ነው። መልእክቱን ያሠራጨለት ሥርዓት በሴኮንድ ሺዎች ጋ ያደርሳል፤ ለማንሳት የሚፈጀው ግን የሰው ዕድሜን የሚያህል ጊዜ ሆነ።

በዚያ ሥርዓት ውስጥ የሰው ጠባቂዎችም እንዳሉ መዘንጋት የለበትም። የኛን ቋንቋዎች የሚያነብቡት ሠራተኞች ናይሮቢ ውስጥ በአንድ ተቋራጭ ኩባንያ ሥር ይሠሩ ነበር። ሥራቸው ቀኑን ሙሉ የታረደ፣ የተደፈረ፣ የተቃጠለ ሰው ማየት ነበር፤ እኛ እንዳናይ እነሱ ያዩ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ከ180 በላይ የሚሆኑት አሠሪዎቻቸውን ከሰሱ፤ በኋላም ከ140 በላይ በሚሆኑት ላይ ከባድ የአእምሮ ቁስል መገኘቱ ለፍርድ ቤት ቀረበ። በመካከላቸው ከራሳቸው የትውልድ ሰፈር የመጣ ምስል ያዩ አሉ። እንዲህ ያለ ሥራ በጥላቻ ጎርፍ ፊት ቆሞ ውሃውን በእጅ እንደመዝጋት ነው። የሚሰጣቸው የሴኮንድ ጊዜ ነበር፤ የእድር ዳኛ አንዲት ስድብ ለመዳኘት ግማሽ እሑድ ያጠፋል።

እንግዲህ ቅርብ ያለ ጠባቂ ሁሉ መልካም ነው ማለቴ ነውን? አይደለም፤ ይህን ያህል ቀላል ቢሆን ደስ ባለኝ። ቅርበት የራሱ ጭካኔ አለው። ጎረቤትን የሚያውቀው ጎረቤት ነው፤ የፕሮፌሰር መዓረግን ቤት ለጠቆመው ሰው ሰፈሩን ማወቅ ጠቅሞታል። አቃቂ ከመላው አገሪቱ ለፋብሪካ ሥራ የመጣ ሰው ያሳደጋት ናት፤ እድሮቿም አንዳንዴ በሰፈር፣ አንዳንዴ በመሥሪያ ቤት፣ አንዳንዴ በትውልድ ቦታ ተደራጅተው ኖረዋል። በውስጥ ያለውን አጥብቆ የሚይዝ ክንድ ውጪ ያለውን ሊገፋ ይችላል። በኤችአይቪ ዘመን መጀመሪያ የታማሚ ቤተሰብ በሹክሹክታ እንዲሸማቀቅ ያደረገው ሩቅ ያለ ኩባንያ አልነበረም። ዳኛው ያዳላ እንደሆነ፣ አብላጫው አንዱን ሰው ዝም ሊያሰኝ ከተስማማ፣ ያ ሰው የሚሄድበት ሌላ ጥሩምባ የለውም።

ስለዚህ ጠባቂን የምመዝነው በቅርበቱ ብቻ ሊሆን አይችልም። ዝም ያሰኘው ሰው ፊት ለፊት ሊጠይቀው ይችላል ወይ? ምክንያቱን በራሱ አፍ ይናገራል ወይ? ዝምታው መጨረሻ አለው ወይ? መንግሥት ሲያፍን ብዙ ጊዜ ምክንያቱን አይናገርም፤ ኩባንያው ሲያፍን የሚልክልህ የማሽን ደብዳቤ ነው፤ ሳያፍን ሲቀርም ዝም ነው። እዚያ ቤት «ለምን?» የሚለው ቃል የሚንኳኳ በር የለውም። የማጥለቅለቅና የማፈን ክፋት እዚህ ጋ አንድ ይሆናል። ሁለቱም ሰውን መልስ የማይሰጠው አድርገው ያስቀሩታል።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖሩ ወዳጆች አሉኝ። ቤታቸውን ያገኙት በዕጣ ነው፤ ከላይ ያለውና ከታች ያለው ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም። እድር መሥርተዋል። ፎቁና ብሎኩ ብዙ ስለሆነ በጥሩምባ ፋንታ ሞት የሚያረዱት በስልክ የጋራ መልእክት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት እዚያው ላይ የሚከራይ ቤት፣ የሚሸጥ ቅቤ፣ የሃይማኖት ክርክር፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የብር ማባዣ መንገድ ተዘረገፈ፤ በመሃል የአንድ አባል እናት ማረፋቸው ሳይታይ ቀረና ቀብር ላይ የተገኘው ሰው ጥቂት ሆነ። ሐዘንተኛው ምንም አላለም። ከዚያ በኋላ ነው ደንብ ይጻፍ የተባለው።

ከሞት፣ ከድንገተኛ አደጋና ከጉባኤ ጥሪ በቀር ምንም እንዳይላክ ሁሉም ያለ ብዙ ክርክር ተስማሙ። ያላግባባቸው ደንቡን የጣሰ ሰው ምን ይደረግ የሚለው ነው። ወጣቶቹ ጸሐፊው ወዲያው ያስወጣው፣ ሥራ አናብዛ አሉ። አንድ ጡረታ የወጡ የፋብሪካ ሠራተኛ ተነስተው ሌላ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሰውዬው ከመውጣቱ በፊት ሁለት አባላት ቤቱ ድረስ ሄደው፣ ደጁን አንኳኩተው፣ ያጠፋውን በቃላቸው ይንገሩት፤ የሚለውንም ሰምተው ለጉባኤ ያምጡ፤ ከወጣም በሦስተኛው ወር መመለስ የሚችል ይሁን። «አራተኛ ፎቅ ድረስ ለአንድ የቅቤ ማስታወቂያ ማን ይወጣል?» ብለው ብዙዎች ተቃወሙ። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ጊዜ ይፈጃል፣ አስፋልት ላይ ውሎ የመጣ ሰው ደክሞታል፣ ደንብ ጣሹም በዚህ መሃል መላኩን አያቆምም። እኔ የዚያ እድር አባል አይደለሁም። ብሆን ግን እጄን የማወጣው ለአዛውንቱ አንቀጽ ነው፤ ከሁለቱ መልእክተኞች አንዱ ሁን ብባልም ደረጃውን እወጣለሁ።